ከደሴ ወደ በርሊን ለብቻ ለሚሄድ ተማሪ፦ ከቀበሌ ወረቀት እስከ መጀመሪያው የብርድ ወር

ደሴ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በሰው ነው። ሆጤ ወይም ሙጋድ ደርሰው የአንድን ሰው ቤት ቢጠይቁ የቤት ቁጥር አያስፈልግዎትም፤ «የእገሌ ልጅ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» ብሎ እስከ በሩ የሚያደርስዎ ልጅ አይጠፋም። በርሊን ውስጥ ሰው የሚታወቀው በወረቀት ነው። ስምዎ፣ የልደት ቀንዎና አድራሻዎ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ካልሆኑ ባንኩም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ የጤና መድኑም የሚያዩት ሌላ ሰው ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁና ለሁለተኛ ዲግሪ ብቻዬን በርሊን የገባሁ ሰው ነኝ፤ ይህን መመሪያ የምጽፈውም ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚደውሉልኝ ታናናሾቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አብዛኛው አገር ቤት እያሉ ሊያልቅ ይችል የነበረ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የሚበዛው ሥራ ከደሴ ሳይወጡ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ የመመሪያው ሰፊ ክፍልም እዚያው ላይ ይቆያል።

1. ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ዋናው ሴሚስተር የሚጀምረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን ሲሆን፣ ይህ በእኛ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ክብረ በዓል የሚውልበት ሰሞን ነው። እነሱ «የክረምት ሴሚስተር» ይሉታል፤ የእኛ ክረምት ካለፈ በኋላ የሚጀምር በመሆኑ ስሙ እንዳያሳስትዎ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ጁላይ 15፣ ማለትም ሐምሌ 8 ነው፤ በርካታ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራሞች ግን ከዚያ ወራት ቀድመው ይዘጋሉ። የቪዛ ቀጠሮና ውሳኔ ደግሞ በራሱ ወራት ይፈጃል። እስከ መጨረሻው ቀን ጠብቆ ያመለከተ ሰው የመቀበያ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ፣ ቪዛው ሳይደርስለት ትምህርቱ ሊጀመርበት ይችላል። ስለዚህ ዝግጅቱን አንድ ዓመት አስቀድመው፣ ካለፈው መስከረም ይጀምሩ።

2. ስምዎንና የልደት ቀንዎን ያስተካክሉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። የልደት የምስክር ወረቀትዎን፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዎን፣ ዲግሪዎን፣ ትራንስክሪፕትዎንና ፓስፖርትዎን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም አንድ በአንድ ያነጻጽሩ። ወሎ ውስጥ እጅግ የተለመደው «ሰይድ» የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት ከ«ኤስ» ቀጥሎ «ኢ»፣ በሌላው «ኤ» ተጽፎ ይገኛል፤ «ሙሐመድ» በአንዱ አንድ «ኤም»፣ በሌላው ሁለት «ኤም» ይኖረዋል። የራሷ የደሴ ስም እንኳ አንዴ በአንድ «ኤስ»፣ አንዴ በሁለት «ኤስ» ይጻፋል። አማርኛውን ለሚያነብ ሰው ሁሉም አንድ ነው፤ አማርኛ ለማያነብ ሠራተኛ ግን እያንዳንዱ የተለየ ስም ነው።

ፓስፖርት ገና ካላወጡ በዲግሪዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይከተሉ፤ ዲግሪን ማሳረም ከሁሉ የከበደ ነውና። በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የደሴ ቅርንጫፍ ሲያመለክቱ ቅጹ ላይ የሚሞላውን እያንዳንዱን ፊደል ራስዎ ያንብቡ፤ «ሰይድ ነው፣ ይታወቃል» ብለው ለሌላ ሰው አይተዉት። ፓስፖርት ካለዎት ግን ዋናው እሱ ነው፤ ሌላውን ወረቀት ሁሉ ወደ እሱ ያስጠጉ፣ ሊለወጥ ያልቻለው ሰነድ ካለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጪው ተቋም ያጽፉ።

የልደት ቀን ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ደግሞ ከዘመን አቆጣጠር ልዩነት የሚመጣ ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ጥር 5 ቀን 1993 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 13 ቀን 2001 ተወለደ እንጂ በ2000 አይደለም፤ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ትቶ 7 ብቻ የደመረ ጸሐፊ የአንድ ዓመት ስሕተት ይጽፋል። የቀበሌውን የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ ከመስኮቱ ሳይርቁ የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን ያረጋግጡ።

ቅጾች ሁሉ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቁዎታል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በፓስፖርትዎ ላይ በዚህ መስመር የገባው ስም የትኛው እንደሆነ አይተው፣ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቅጽ ላይ ያንኑ ብቻ ይጻፉ። አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ስም የሰጠ ሰው የባንክ ሒሳቡና የጤና መድኑ አልገናኝ ብለውት ለወራት ይቸገራል።

3. የዩኒቨርሲቲ ማስረጃዎን አውጥተው ያስቀምጡ

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢም ይመረቁ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በእጅዎ ያለው ቴምፖራሪ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የወጪ መጋራት ክፍያዎን ጨርሰው ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማውጣት ይኖርብዎታል። ይህን ለመጨረሻው ወር ያቆዩ ብዙዎች ናቸው፤ ክፍያው ተከፍሎ፣ ማረጋገጫው መጥቶ፣ ከሬጅስትራር እስከሚወጣ የሚሄደው ጊዜ ቀላል አይደለም። ማስረጃዎቹን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ የሚደረገው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ደጋግመው እንዳይመላለሱ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ያጠቃልሉ።

ብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ማመልከቻ የሚቀበሉት ኡኒ አሲስት በተባለው የጋራ ተቋም በኩል ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለሚጨምሩት ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ያስከፍላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ማን እንደሚከፍልልዎ አስቀድመው ይወስኑ።

ሁሉም ሰነድ በጥሩ ጥራት ስካን ተደርጎ በኢሜይልዎ፣ በፍላሽና በአንድ የሚያምኑት ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ሰው ቤቱን ዘግቶ በለበሰው ልብስ ብቻ እንደወጣ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ወረቀት እንዳለ አይቆጠርም።

4. ገንዘቡን በዩሮ ያስቡ

በበርሊን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው ፕሮግራም የትምህርት ክፍያ የለውም፤ በየሴሚስተሩ የሚከፈለው ጥቂት መቶ ዩሮ መዋጮ ነው። ከባዱ ነገር የመኖሪያ ወጪዎን መሸፈን እንደሚችሉ ማሳየቱ ነው። ለቪዛው የሚጠየቀው ማስረጃ በአብዛኛው በዝግ ሒሳብ፣ በጀርመንኛ ሽፔርኮንቶ በሚባለው፣ የተቀመጠ ገንዘብ ሲሆን፣ መጠኑ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ከደረሱ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ ይለቀቅልዎታል። በዝግ ሒሳብ ፋንታ ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ ወይም ጀርመን የሚኖር ሰው እዚያው ጀርመን ባለ መሥሪያ ቤት ፊት የሚፈርመው የወጪ ግዴታ ሰነድ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅን ልቦና ልምከርዎ፤ ዘመድዎ ይህን ሰነድ ሲፈርምልዎ በሕግ የሚጠየቅበትን ዕዳ እየፈረመ ስለሆነ፣ እንደ ተራ ውለታ አይጠይቁት።

ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር በብር የተሠራ ዕቅድ በጥቂት ወር ውስጥ ይፋለሳል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲመካከር ስሌቱ በዩሮ ይሁን። በዚያው ስብሰባ ላይ ሌላውንም ይናገሩ፦ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ መላክ እንደማይችሉ። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ተፈቅዶለታል፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያም 13.90 ዩሮ ነው። ይሁንና ቋንቋ ሳይዙ ሥራ ቶሎ አይገኝም፣ ትምህርቱም ፋታ አይሰጥም። ይህ ቃል ከጉዞ በፊት ካልተነገረ በኋላ በስልክ መናገሩ እጅግ ይከብዳል።

5. ቪዛና ማደሪያ

የጀርመን ኤምባሲ አዲስ አበባ ቀበና ነው። ለረዥም ጊዜ ቆይታ የሚሰጠው ቪዛ ክፍያ 75 ዩሮ ነው። የቀጠሮ ሰዓት ሲሰጥዎ በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉ፦ «9:00» ማለት በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በርሊን ከገቡ በኋላም ስልክዎ ላይ የሚያዩትን ሰዓት እንዳለ ማንበብን ከአሁኑ ይለማመዱ፤ በአእምሮ 6 ሰዓት እየቀነሱ መኖር ቀጠሮ ያስመልጣል።

ማደሪያ ፍለጋውን ከቪዛው ጋር እኩል ያስኬዱት። የበርሊን የተማሪዎች አገልግሎት የሚያስተዳድራቸው መኖሪያዎች ከሌላው ይልቅ ርካሽ ስለሆኑ ወረፋቸው ረዥም ነው፤ የመቀበያ ደብዳቤዎ በደረሰ ዕለት ያመልክቱ። በግል ሲከራዩ ሁለት የኪራይ ዋጋ ይሰማሉ፤ «ካልት» የቤቱ ብቻ፣ «ዋርም» ማሞቂያና ሌላ ወጪ የተጨመረበት ነው። ሲያወዳድሩ ዋርሙን ከዋርሙ ጋር ያወዳድሩ። የመያዣ ገንዘብ ከሦስት ወር የካልት ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በሦስት ክፍያ የመክፈል መብትም በሕግ አለዎት።

ቤቱን ሳያዩ፣ ወይም የሚያምኑት ሰው ሳያይልዎ፣ ከደሴ ገንዘብ አይላኩ። አጭበርባሪዎቹ የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኔ አሁን ውጭ አገር ነኝ፤ መያዣውን ከላኩልኝ ቁልፉን በፖስታ እልክልዎታለሁ።» ቤቱ ፎቶው ላይ ያማረ፣ ኪራዩም ከሰፈሩ ዋጋ በግማሽ ያነሰ ይሆናል። ለመጀመሪያው ወር ጊዜያዊ ክፍል ቢይዙም፣ በዚያ አድራሻ መመዝገብ እንደሚቻል አከራዩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ምክንያቱን ቀጥሎ ያዩታል።

6. ሻንጣና ጉዞ

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይያዙ። ቋንጣና ቅቤ ግን አይያዙ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ አይፈቅድም። እናቴ በኮሰረትና በኮረሪማ ያነጠረችው፣ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ቅቤ ከሻንጣዬ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የጉምሩክ ሠራተኛዋ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ይቅርታ ጠይቃ ወደ ማጠራቀሚያው ከተተችው። መዓዛው ከእጄ ሳይለቅ ነበር የወጣሁት። ለእናትዎ ደንቡን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ያን ሁሉ ድካም ለዚያ ጠረጴዛ አያድክሙ።

ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ወርደው ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ መድረስ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ቀጥታ በረራው 7 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ የረዥም መንገድ ባቡር ጣቢያ አለው፤ ከዚያ በርሊን በፈጣን ባቡር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። በርሊን በቀን የሚያስገባዎትን ባቡር ይምረጡ። ፓስፖርት፣ የመቀበያ ደብዳቤ፣ የመድን ማስረጃና የአከራዩ አድራሻ በወረቀት ታትሞ በእጅ ቦርሳዎ ይሁን፤ የስልክ ባትሪ ያልቃል።

7. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ቤት ከገቡ በ14 ቀን ውስጥ ቡርገርአምት በሚባለው የሰፈር መሥሪያ ቤት አድራሻዎን ማስመዝገብ ግዴታ ነው። «አንሜልዱንግ» ይሉታል። በእኛ አገር የቀበሌ ነዋሪነት ምዝገባን ይመስላል፤ ልዩነቱ ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ መሆኑ ነው። አከራዩ የሚፈርመው የመኖሪያ ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል፤ በዚያ አድራሻ መመዝገብ እንደሚቻል አስቀድመው ይጠይቁ ያልሁዎት ለዚህ ነው። የምዝገባው ቀጠሮ በኢንተርኔት ሲሆን ቶሎ አይገኝም፤ ጠዋት ማልደው ገጹን ደጋግመው ቢከፍቱ የተሰረዘ ቀጠሮ ያገኛሉ። በርሊን 12 ወረዳዎች አሏት፤ በየትኛውም ወረዳ መመዝገብ ስለሚቻል የራስዎን ሰፈር ብቻ አይጠብቁ።

በዚሁ ጊዜ የጤና መድንዎን ያጠናቅቁ። ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች ለሆኑ ተማሪዎች የመንግሥቱ መድን በወር 150 ዩሮ ገደማ የሆነ የተማሪ ክፍያ አለው፤ ያለ መድን ዩኒቨርሲቲው አይመዘግብም። ለአምቡላንስና ለእሳት 112፣ ለፖሊስ 110፣ ሐኪም ቤት በተዘጋበት ሰዓት ለሚገጥም ሕመም 116117 ይደውሉ። ሦስቱንም ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

8. የፖስታ ሣጥኑ ላይ ስምዎን ይለጥፉ

ደሴ ውስጥ ፖስታ ቤት ሄደን ከሣጥን ቁጥር እንወስዳለን እንጂ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። በርሊን ውስጥ ፖስተኛው የሚያየው በሕንፃው መግቢያ የተደረደሩትን ሣጥኖችና የተለጠፈባቸውን ስም ነው፤ አብዛኛው ቤት የክፍል ቁጥር እንኳ የለውም። ስምዎ ከሌለ እርስዎ እዚያ አይኖሩም።

እኔ የገባሁበት ቤት ሣጥን ላይ የቀድሞው ተከራይ ስም ነበር፤ ይለወጥ ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም። የባንክ ካርዴ፣ የካርዱ የምስጢር ቁጥር፣ የመድን ካርዴና የግብር ቁጥሬ ሁሉም በፖስታ ተልከው ሁሉም ተመለሱ። አምስት ሳምንት ከአገር ባመጣሁት ጥሬ ገንዘብ እየቆጠርሁ ኖርሁ። አንዲት ጎረቤት ሣጥኑን በጣቷ እያሳየች «ስምህ የት አለ?» ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያው ምሽት ከደብተር ወረቀት ቀድጄ ስሜን ጽፌ በፕላስተር ለጠፍሁ፤ በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው ደብዳቤ ደረሰኝ። እርስዎ ግን ቁልፍ በተረከቡበት ሰዓት፣ ሻንጣዎን ሳይፈቱ፣ በፓስፖርትዎ ላይ ባለው አጻጻፍ ይለጥፉት። ከሌላ ተከራይ ጋር የሚኖሩ ከሆነ ከእሱ ስም በታች ይጨምሩት።

የሚመጣውን ደብዳቤ በዕለቱ ከፍተው፣ ባይገባዎትም በስልክ አስተርጉመው ያንብቡ። ለሬዲዮና ቴሌቪዥን በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል፤ ቴሌቪዥን የለኝም ብሎ መተው አያድንም፣ ከእርስዎ ጋር የሚኖሩት እየከፈሉ ከሆነ ግን ለአንድ ቤት አንድ ክፍያ ይበቃል። የባንክ፣ የመድንና የመኖሪያ ፈቃድ ደብዳቤዎችን ለየብቻ በአቃፊ ያስቀምጡ።

9. ባቡሩ ውስጥ ማንም ሒሳብ አይጠይቅዎትም

ከፒያሳ ታክሲ ሲይዙ ረዳቱ ሒሳብ ይጠይቅዎታል። በርሊን ምድር ባቡር ውስጥ በር የሚዘጋ፣ ሒሳብ የሚሰበስብ የለም፤ ስለዚህ ነጻ ይመስላል። አይደለም። ተራ ልብስ የለበሱ ተቆጣጣሪዎች ድንገት ተነሥተው ቲኬት ይጠይቃሉ፣ ያልያዘም 60 ዩሮ ይቀጣል። ከመሸጫው የሚወጣው የወረቀት ቲኬት ከመሳፈርዎ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ትንሽ ማሽን ካልተመታ እንደሌለ ይቆጠራል። በብዙዎቹ የበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች ከሴሚስተር መዋጮው ጋር የመጓጓዣ ቲኬት ስለሚገኝ፣ እሱ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው የሚገዙት። ሱቆች እሑድ ዝግ ናቸው፤ ቅዳሜ ይሸምቱ።

10. የመኖሪያ ፈቃድ

ይዘው የሚገቡት ቪዛ የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ነው። ቪዛው ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን፣ አድራሻዎ እንደተመዘገበና የመድን ማስረጃዎ እንደደረሰ ወዲያው ለበርሊኑ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ያመልክቱ። ቪዛው ሳያልፍ ማመልከትዎን የሚያረጋግጠውን ገጽ አትመው ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙ።

11. የብርዱ ወራት

የጦሳን ውርጭ ያወቀ ሰው ብርዱን በጥሩ ካፖርት ይችለዋል። የሚከብደው ጨለማው ነው። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስትሆን በርሊን 52 ላይ ናት፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ የምትገባውም ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ቀኑን በክፍል ያሳለፈ ተማሪ ብርሃን ሳያይ ሳምንት ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት፣ ደመና ቢሆንም፣ ግማሽ ሰዓት ከቤት ወጥተው ይራመዱ፤ ይህን እንደ መድኃኒት ይውሰዱት።

ሰው ፍለጋውን ሐዘን እስኪመጣ አይጠብቁበት። በመጀመሪያው ወር የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሰፈርዎ ያለውን መስጊድ ፈልገው ይሂዱ፤ ኖይኮልን ውስጥ ኮሎምቢያዳም በሚባለው መንገድ ያለው ትልቁ የሸሂትሊክ መስጊድ ለሁሉም ክፍት ነው። ዌዲንግ ሰፈር የአፍሪካ ሱቆች ስላሉበት የጤፍ ዱቄት ፍለጋውን ከዚያ ይጀምሩ። ከዩኒቨርሲቲው ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ ያልሆነ ጓደኛ ይያዙ፤ የሰፈሩን ደንብና ቋንቋውን የሚያስተምርዎ እሱ ነው።

ቤተሰብዎን የሚደውሉበት ቀንና ሰዓት ከመሄድዎ በፊት የተቆረጠ ይሁን። በብርዱ ወራት ደሴ ከበርሊን 2 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት 1 ሰዓት ትቀድማለች። እኔና እናቴ የተስማማነው እሑድ በደሴ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አቦሉ ወርዶ ቶናው ሲጣድ ነበር፤ እሷ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ ታስደግፈዋለች፣ እኔም ከዚህ የራሴን ጀበና ጥጄ እጠብቃለሁ። ስልክ ሳልደውል የቀረሁ እንደሆነ ደግሞ እስከ ሰኞ ጠዋት ጠብቃ ለማን እንደምትደውል፣ የአንድ በርሊን የሚኖር ጓደኛዬን ቁጥር ታላቅ እህቴ በወረቀት ጽፋ በቡፌው መስተዋት ላይ ለጥፋላት ነበር።